ቁንጫ፣ መዥገርና የሆድ ትል በውሻና በድመት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ቁንጫ የሚቀርበው ጥያቄ አብዛኛው ስለ ውሻው ወይም ስለ ድመቷ ነው፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ያለው ምንጣፉና መኝታው ላይ ነው። መዥገርም ሆነ የሆድ ትል ከዕድሜው ከፊሉን የሚያሳልፈው ከእንስሳው ውጭ ነው። ከታች ያሉት መልሶች የሚመላለሱትም ወደዚሁ ነጥብ ነው።

ውሻዬ ራሱን ሲያክ ይውላል፤ ቁንጫ ግን አላየሁበትም። በምን ላረጋግጥ?

ቁንጫዋን ከመፈለግ ኩሷን መፈለግ ይቀላል። ነጭ ወረቀት ወይም ነጭ ፎጣ ያንጥፉና ውሻውን በላዩ ያቁሙት። ጥርሱ ጥቅጥቅ ባለ ሚዶ ከወገቡ ጀምሮ እስከ ጅራቱ ሥር፣ ሚዶው ቆዳውን እየነካ ያበጥሩት። እንደ ደቀቀ ቁንዶ በርበሬ ያለ ጥቁር ፍርፋሪ ከረገፈ እርጥብ ጥጥ ጫን ያድርጉበትና ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። በዙሪያው ቀይ ቡናማ ቀለም ከሰረገ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቀለሙም ቁንጫዋ መጥጣ ያሳለፈችው የውሻው የራሱ ደም ነው። ቀለም ካልለቀቀ ተራ አፈር ነው።

በድመት ላይ ይህ ምርመራ ሊያታልል ይችላል። ድመት በቀን ረጅም ሰዓት ራሷን ስለምትልስ ቁንጫውንም ኩሱንም ትውጠዋለች፤ ሚዶውም ባዶውን ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ሆዷ ሥር የሳሳ ፀጉር፣ አንገቷና ጀርባዋ ላይ ደግሞ በጣት ሲዳሰሱ እንደ አሸዋ የሚሻክሩ ጥቃቅን ቅርፊቶች ካሉ ቁንጫን ይጠርጥሩ። የቁንጫ ምራቅ የማይስማማው እንስሳ እንዲሰቃይ አንድ ሁለት ንክሻ ይበቃዋል። ብዙ ቁንጫ አለመታየቱ ጥፋተኛዋ ቁንጫ አይደለችም ማለት አይደለም።

መድኃኒት ካደረግሁለት ሁለት ሳምንት አልሞላውም፤ ቁንጫው ተመልሶ መጣ። መድኃኒቱ የተበላሸ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቷል። ውሻው ላይ የነበሩት ሞተዋል፤ አሁን የሚታዩት ከወለሉ አዲስ የወጡ ናቸው። በአንድ ቤት ካለው ቁንጫ ውስጥ አድጎ እንስሳው ላይ የሚኖረው ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ እንደሆነ ይገመታል። ቀሪው እንቁላል፣ እጭና ሙሽሬ ሆኖ በቤቱ ተበትኗል።

ሴቷ ቁንጫ እንስሳው ላይ በወጣች በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ እንቁላል መጣል ትጀምራለች፤ በቀንም እስከ 40 ወይም 50 ትጥላለች። እንቁላሉ ለስላሳና የማይጣበቅ ስለሆነ ውሻው በተኛበትና በተራገፈበት ቦታ ሁሉ ይረግፋል። የሚፈለፈለው እጭ ብርሃን ስለማይወድ ምንጣፍ ሥር፣ የወለል ስንጥቅ ውስጥና የሶፋ ስፌት ውስጥ ይገባና ከላይ የሚረግፈውን የቁንጫ ኩስ እየበላ ያድጋል። ከዚያም ድር ፈትሎ ሙሽሬ ይሆናል። ሁሉንም ነገር የሚያስቸግረው ይህ ደረጃ ነው። ድሩ ስለሚያጣብቅ አቧራና ፀጉር ይለጠፍበትና ከምንጣፉ ሳይለይ ይቀራል፤ የሚረጭ ፀረ ተባይም በቀላሉ አያልፈውም። ውስጥ ያለችው ቁንጫ ሙቀት፣ የእግር ንዝረትና ትንፋሽ እስኪሰማት ድረስ ለወራት ልትጠብቅ ትችላለች። ተዘግቶ የቆየ ቤት ሲከፈት ቁንጫ እግር ላይ የሚወርረውም በዚህ ምክንያት ነው።

መድኃኒቱን ከመለወጥዎ በፊት ሦስት ነገር ይፈትሹ። በቤቱ ያሉት ውሾችና ድመቶች ሁሉ በአንድ ቀን ታክመዋል? ከቤት የማትወጣ አንዲት ድመት ሳትታከም ከቀረች የቤቱን እንቁላል በሙሉ እሷ ትተካለች። የተሰጠው መጠን ከክብደቱ ጋር ይመጣጠናል? ጠብታ (ቆዳው ላይ የሚጨመቅ መድኃኒት) በተደረገለት ሰሞን ውሻው ታጥቧል? ሦስቱም ልክ ከሆኑ ያንኑ መድኃኒት ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ቀን እየደጋገሙ ቢያንስ 3 ወር ይቀጥሉ። ሙሽሬው እስኪያልቅ አዲስ ቁንጫ መውጣቱ አይቀርም፤ የወጣው ሁሉ ግን የታከመ እንስሳ ላይ ዘሎ፣ እንቁላል ሳይጥል ይሞታል። በሁለተኛው ወር አልሠራም ብሎ የተወ ሰው ከዜሮ ይጀምራል።

ቤቱን እንዴት ላጽዳ?

በመጥረጊያ ማሽን ይጀምሩ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየቀኑ፣ ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይጥረጉ። የክፍሉ መሃል ብዙም አያሳስብም። የአልጋ ሥር፣ የግድግዳ ጠርዝ፣ የሶፋ ትራስ ሥር፣ ውሻው ዘወትር የሚጋደምበት ጥግ፣ መኪና ውስጥ የሚቀመጥበት ወንበር፣ እነዚህ ናቸው መዳረሻው። ማሽኑ እንቁላሉንና የእጩን ምግብ ከመልቀሙም በላይ ንዝረቱ ሙሽሬዋን አታልሎ ያስወጣታል፤ የወጣች ቁንጫ ደግሞ በመድኃኒት ትሞታለች። የማሽኑን ከረጢት ወዲያው በፕላስቲክ አሥረው ከቤት ያውጡ።

የእንስሳውን መኝታ፣ ብርድ ልብስና የሶፋ ልብስ በሳምንት አንድ ጊዜ በ60 ዲግሪ ውሃ ይጠቡና ፀሐይ ላይ ያስጡ። እጭ ያለ እርጥበት አይኖርም፤ ፀሐይና ደረቅ አየር ይገድሉታል። ከመኝታው ሲያነሱ ጠቅልለው እንጂ እያራገፉ አይውሰዱ፣ እንቁላሉን በየክፍሉ ይዘሩታልና።

ወረራው ከባድ ከሆነ ለቤት የተዘጋጀ ርጭት ይጨመራል። ሲመርጡ ፒሪፕሮክሲፌን ወይም ሜቶፕሪን ያለበትን ይፈልጉ፤ እነዚህ እንቁላሉና እጩ እንዳያድጉ የሚያደርጉ ናቸው። ያደገ ቁንጫ ብቻ የሚገድል ርጭት በሳምንቱ ያው ነው። ሲረጩ ሰውም እንስሳም ይውጣ፤ ወለሉ ደርቆ ቤቱ እስኪናፈስ ማንም አይግባ። የዓሣ ገንዳ ካለ አየር መንፊያውን አጥፍተው በደንብ ይሸፍኑት። ከደረቀ በኋላ ግን የታከመውን ውሻ ከክፍሎቹ አያግዱት፤ እየተዘዋወረ ቁንጫውን ወደ መድኃኒቱ የሚጠራው እሱ ነው።

የውሻውን ጠብታ ከፍዬ ለድመቷ ላድርግላት?

በፍጹም። ለውሻ በሚሸጡ ብዙ ጠብታዎች ውስጥ ፐርሜትሪን የሚባል ፀረ ተባይ አለ፤ በአንዳንዶቹም ከመቶ 45 እስከ 65 ይደርሳል። የድመት ጉበት ይህን ነገር ፈጥኖ ማስወገድ አይችልም። ድመት ትንሽ ውሻ አይደለችም፤ መጠኑን መቀነስ አያድናትም። አሚትራዝ የሚባለው ፀረ ተባይ ያለበት የአንገት ኮላርና ማጠቢያም ለድመት አይሆንም።

ተሳስተው ካደረጉባት ወይም አዲስ ጠብታ ከተደረገለት ውሻ ጋር ተቃቅፋ ከተኛች፣ ጆሮዋና ቆዳዋ ይርገበገባል፣ ለሃጯ ይዝረከረካል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ብሎም ያንዘፈዝፋታል። ምልክቱ በሰዓታት ውስጥ ሊታይ ወይም እስከ ሦስት ቀን ሊዘገይ ይችላል፤ እስኪታይ ግን አይጠብቁ። ጠብታው የነካውን ቦታ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይጠቡ። ሙቅ ውሃ አይጠቀሙ፣ በቆዳዋ የሚሰርገውን ይጨምራልና። በፎጣ ጠቅልለው ከነማሸጊያው ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት። መንቀጥቀጥ ከጀመራት ለማጠብ ጊዜ አያጥፉ፤ በቀጥታ ይውሰዷት። በጊዜ የደረሱ ድመቶች አብዛኛዎቹ ይድናሉ።

ጠብታ፣ ኪኒን ወይስ ኮላር?

የሚወስነው የእንስሳው አኗኗር ነው። ብዙ ለሚታጠብ ወይም ለሚዋኝ ውሻ የሚዋጠው ይሻላል። ከሚዋጡት ውስጥ አፎክሶላነር፣ ሳሮላነርና ሎቲላነር በየወሩ የሚሰጡ ናቸው፤ ፍሉራላነር እስከ 12 ሳምንት ይቆያል። ቁንጫንም መዥገርንም የሚገድሉት ተባዩ ከነከሰ በኋላ ነው፤ ስለዚህ የሞተ መዥገር ተጣብቆ ቢያገኙ አይገረሙ። የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ከዚህ በፊት አንዘፍዝፎት የሚያውቅ ውሻ ከሆነ እነዚህን ከመስጠትዎ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ።

ፊፕሮኒል ያለበት ጠብታ ለውሻም ለድመትም በየራሳቸው መጠን ይዘጋጃል፤ ለጥንቸል ግን መርዝ ነው። ጠብታ አልሠራም የሚባለው ብዙ ጊዜ ፀጉር ላይ ስለቀረ ነው። በሁለቱ ትከሻዎች መካከል፣ ምላሱ በማይደርስበት ቦታ፣ ነጭ ቆዳ እስኪታይ ፀጉሩን በጣትዎ ይክፈሉ፤ የጠብታውን አፍ ቆዳው ላይ አስደግፈው ይጭመቁ። ጠብታውን ከማድረግዎ በፊትም ሆነ በኋላ ባሉት 48 ሰዓታት አይጠቡት፤ መድኃኒቱ የሚሰራጨው በቆዳው ወዝ ነው፣ ሻምፖ ደግሞ ወዙን ይወስደዋል። እስኪደርቅ ድረስ ሌላ እንስሳ እንዳይልሰው ይለዩት።

ኢሚዳክሎፕሪድና ፍሉሜትሪን ያለበት ኮላር ከ7 እስከ 8 ወር ያገለግላል። ከኮላሩ ሥር ሁለት ጣት መግባት አለበት፤ ከዚያ ከላላ ቆዳውን ስለማይነካ አይሠራም። የሚያድግ ቡችላ ካደረገው ጥብቀቱን በየሳምንቱ ይዩት።

የአንድ ወር ቡችላ ቁንጫ ወርሮታል። ምን ላድርግ?

አብዛኛው ጠብታና ኪኒን ከ8 ሳምንት በታች ለሆነ አይፈቀድም። ለብ ባለ ውሃና በቀላል ሳሙና ይጠቡት፤ በመጀመሪያ አንገቱን ዙሪያውን አረፋ ያድርጉ፣ ቁንጫው ወደ ፊቱ እንዳይሸሽ። በፍጥነት ያድርቁትና በየቀኑ በሚዶ እየለቀሙ ሳሙና ያለበት ውሃ ውስጥ ይክተቱ። እናቱን ለምታጠባ በተፈቀደ መድኃኒት ያሳክሙ። ድዱ ነጣ ካለ ደሙ እያለቀ ነውና የዚያኑ ዕለት ሐኪም ይየው። ቁንጫ ትንሽ ቡችላን ወይም የድመት ግልገልን በደም ማነስ ሊገድል ይችላል።

መዥገር ተጣብቆበት አገኘሁ። እንዴት ላውጣው?

መጀመሪያ መዥገር መሆኑን ያረጋግጡ። ወንድ ውሻም የጡት ጫፍ አለው፤ መዥገር መስሏቸው ሲጎትቱ የሚያቆስሉት አሉ። ፀጉሩን ከፍለው በብርሃን ይዩት፦ መዥገር ከቆዳው አጠገብ ስምንት ጥቃቅን እግሮች አሉት፣ የጡት ጫፍ ግን እግር የለውም።

ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ ይያዙ፤ ጓንት ያድርጉ። ያበጠውን ሆዱን አይንኩ። ወረንጦውን ከቆዳው ጋር አስተካክለው አፉ የገባበትን ቦታ ይያዙና ሳይጠመዝዙ፣ ሳይነጥቁ፣ በአንድ ዓይነት ጉልበት በዝግታ ወደ ላይ ይሳቡ። ቆዳው እንደ ትንሽ ድንኳን ይነሳል፤ እዚያው ላይ ጉልበትዎን ሳይጨምሩ ይጠብቁ፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይለቃል። አልኮል ያለበት ዕቃ ውስጥ ይክተቱት፣ በጣት አያፍርጡት። ቦታውን በሳሙና ይጠቡ፣ እጅዎንም እንዲሁ።

ክብሪት መለኮስ፣ ዘይት፣ ቫዝሊን ወይም ነጭ ጋዝ መቀባት መዥገሩን ቶሎ አያስለቅቀውም። ሲጨነቅ በሆዱ ያለውን ወደ ቁስሉ ሊተፋ ይችላል፤ በሽታው የሚተላለፈውም በዚሁ ምራቅና ፈሳሽ ነው። የአፉ ቁራጭ ቆዳ ውስጥ ከቀረ በመርፌ አይቆፍሩ፤ ሰውነቱ ራሱ ይገፋዋል። ትንሽ እብጠት ሳምንት ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ እያደገ ወይም መግል እየያዘ ከሄደ ግን ያስመርምሩ።

ከዚያ ቀሪውን አካል ይዳስሱ። የጆሮ ውስጥ፣ የዓይን ቆብ ዳር፣ ኮላሩ ሥር፣ ብብት፣ ብሽሽት፣ የእግር ጣቶች መካከልና ጅራት ሥር መዥገር የሚደበቅባቸው ናቸው።

ከቤት የማይወጣ ውሻ መዥገር ከየት ያመጣል?

ቡናማው የውሻ መዥገር ቤት ውስጥ መኖርና መራባት ይችላል። የጠገበችው ሴት ከውሻው ወርዳ ግድግዳ ትወጣለች፤ ስንጥቅ ውስጥ፣ መጋረጃ እጥፋት ውስጥ ወይም የበር መቃን ሥር በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ከግድግዳው ጥግ ወደ ላይ የሚሳቡ የሰሊጥ ፍሬ የሚያህሉ ካዩ ስንጥቁን ደፍነው፣ የውሻውን ማደሪያ አጽድተው፣ ውሻውን ደግሞ ሳያቋርጡ ለወራት ማከም ይኖርብዎታል። ሳይበላ ወራት መቆየት ስለሚችል አንድ ርጭት አይበቃውም። ፍሉራላነር በዚህ መዥገር ላይ የሚቆየው ለ12 ሳይሆን ለ8 ሳምንት ያህል መሆኑንም ልብ ይበሉ።

ከመዥገር ንክሻ በኋላ ውሻው ትኩሳት ከያዘው፣ መብላት ከተወ፣ ድዱ ከነጣ ወይም ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ ከጠቆረ፣ ወይም አፍንጫው ከደማ ዛሬውኑ ደሙ ይመርመር። ባቤዥያና ኤርሊኪያ የሚባሉት በሽታዎች በጊዜ ሲያዙ ይታከማሉ፤ ሲዘገዩ ይገድላሉ።

ሰገራው ውስጥ ትል አይቼ አላውቅም። ለምን መድኃኒት ልስጠው?

የመንጠቆ ትልና የጅራፍ ትል በጣም ቀጭን ስለሆኑ፣ አንጀቱንም ነክሰው ስለሚይዙ በሰገራ አይታዩም። እንቁላላቸው የሚታየው በማይክሮስኮፕ ነው። በዓይን የሚታዩት ሁለት ናቸው፦ እንደ ክር የሚጠቀለለው ነጭ ወስፋት፣ እና ፊንጢጣው ዙሪያ ወይም መኝታው ላይ እንደ ሩዝ ቅንጣት ሆኖ የሚገኘው የኮሶ ትል ቁራጭ። ይህ ቁራጭ ትኩስ ሲሆን ይንቀሳቀሳል፣ ሲደርቅ ቢጫ ዘር ይመስላል።

የሩዝ ቅንጣት የሚመስለውን ካዩ ጉዳዩ ወደ ቁንጫ ይመለሳል። የቁንጫ እጭ የትሉን እንቁላል ይበላል፤ ውሻው ወይም ድመቷ ያደገችውን ቁንጫ በጥርስ ሲይዙ ትሉን አብረው ይውጡታል። ፕራዚኳንቴል የሚባለው የትል መድኃኒት በአንድ ቀን ያጸዳዋል፤ ቁንጫው ካልጠፋ ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅንጣቱ እንደገና ሊታይ ይችላል።

የትል መድኃኒቱን መቼ መቼ፣ ምን ያህል ልስጥ?

ቡችላ ብዙ ጊዜ ወስፋትን ከእናቱ ማኅፀን ይዞ ይወለዳል። ስለዚህ በ2 ሳምንቱ ይጀመርና በ4፣ በ6 እና በ8 ሳምንቱ ይደገማል፤ ከዚያ እስከ 6 ወሩ በየወሩ ይሰጣል። የድመት ግልገል ከእናቷ ወተት ስለሆነ የምትወስደው ከ3 ሳምንት ይጀመራል። እናት በዚያው ቀን ትታከም። ያደጉት በዓመት 4 ጊዜ ያህል ይበቃቸዋል። አይጥ የምታድን ድመትና ጥሬ ሥጋ የሚበላ ውሻ ግን ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ።

መጠኑ የሚሰላው በክብደት ነው፤ በግምት አይስጡ። እንስሳውን ታቅፈው ሚዛን ላይ ይውጡ፣ ከዚያ ብቻዎን ይመዘኑ፣ ልዩነቱ የእሱ ክብደት ነው። ለምሳሌ ፌንቤንዳዞል የሚባለው የትል መድኃኒት በኪሎ 50 ሚሊግራም ለ3 ተከታታይ ቀን ይሰጣል። 12 ኪሎ ውሻ በቀን 600 ሚሊግራም ይደርሰዋል። ከመቶ 10 የሆነው ፈሳሽ በ1 ሚሊሊትር 100 ሚሊግራም ስለሚይዝ፣ በቀን 6 ሚሊሊትር ከምግብ ጋር ማለት ነው። በብዛት የሚሠሩ ስሕተቶች ሦስት ናቸው፦ አንድ ቀን ሰጥቶ ማቆም፣ ጠርሙሱን ሳይንጡ መቅዳት፣ ሚሊግራምን ከሚሊሊትር ማምታታት። ይህ መድኃኒት ከቁንጫ የሚመጣውን የኮሶ ትል እንደማያስወግድም ይወቁ።

ለከብት የሚሰጠውን አይቨርሜክቲን፣ ለሰው የሚሰጠውን አልቤንዳዞልስ?

አይስጡ። ከመቶ 1 የሆነው የከብት አይቨርሜክቲን መርፌ በ1 ሚሊሊትር 10 ሚሊግራም ይይዛል። ከወባ ትንኝ ንክሻ የሚመጣውን የልብ ትል ለመከላከል 10 ኪሎ ውሻ የሚበቃው 60 ማይክሮግራም ነው። ከዚያ መርፌ አንዲት ጠብታ፣ 0.05 ሚሊሊትር ብንላት፣ 500 ማይክሮግራም አላት፤ ከሚያስፈልገው ከስምንት እጥፍ በላይ። ኮሊና መሰል የእረኛ ዝርያዎች መድኃኒቱ ወደ አንጎላቸው እንዲያልፍ የሚያደርግ የዘር ጉድለት ስለሚኖርባቸው፣ ሌላ ውሻ የሚችለው መጠን ሊያሳውራቸውና ራሳቸውን ሊያስታቸው ይችላል። አልቤንዳዞል ደግሞ በውሻና በድመት የአጥንት መቅኔን ጎድቶ ደም እንዳይመረት ያደርጋል።

ነጭ ሽንኩርትም ትል አያወጣም። የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰባብራል።

ትሉ ወደ ልጆቼ ይተላለፋል?

አዎ፣ ይተላለፋል። የወስፋት እንቁላል ከሰገራ ሲወጣ ገና አይበክልም፤ አፈር ውስጥ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ በኋላ ነው የሚደርሰው። ከዚያ ለዓመታት ይቆያል፣ በረኪናም አይገድለውም። ስለዚህ ሰገራውን በየቀኑ ማንሳት ከማንኛውም ማጽጃ ይበልጣል። እጩ በልጅ ሰውነት ውስጥ ከተንከራተተ ዓይን ድረስ ደርሶ ማየትን ሊጎዳ ይችላል። ልጆች የሚጫወቱበትን አሸዋ ሌሊት ይሸፍኑ፤ ከአፈር ሲነሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። የመንጠቆ ትል እጭ በባዶ እግር ቆዳ ስለሚገባ ውሻው በሚጸዳዳበት ግቢ ያለ ጫማ አይሂዱ።

አንዱ ትል ግን ጊዜ አይሰጥም። ውሻ በትል የተያዘ የበግ ወይም የከብት ጥሬ ጉበትና ሳንባ ሲበላ ኢኪኖኮከስ የሚባለውን ጥቃቅን የኮሶ ትል ይይዛል፤ የዚህ እንቁላል ከሰገራው በወጣ በዚያው ሰዓት ይበክላል፣ ፀጉሩ ላይም ይለጠፋል። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ውሃ የቋጠረ እጢ እየሆነ ለዓመታት ያድጋል። ጥሬ የሆድ ዕቃ አይስጡ፤ አግኝቶ የሚበላ ውሻ ካለዎት በየ6 ሳምንቱ ፕራዚኳንቴል ይሰጠው፣ ፊትዎንም እንዲልስ አይፍቀዱለት።